ወንዙ አልጠራህም

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ከተባለ። በስልክ እንዳልነግርህ "እሺ በቃ፣ ገባኝ" ብለህ ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጋው በጽሑፍ አደረግሁት።

እማዬ ደውላ "ወንዙ ጠራ" አለችህ አሉ። አንተም "ጠራ ካላችሁማ ጠራኝ ማለት ነው" ብለህ፣ ወንዙ ደፍርሶ ዓሣው ሲጠፋ የገባህበትን የመጋዘን ጥበቃ ሥራ ለቀህ ወደ ጀልባህ ልትመለስ ተነስተሃል። ቀልድህን ስሰማ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈለግሁ። መልቀቂያውን ገና አላስገባህ ከሆነ፣ እባክህ አባዬ፣ አታስገባ።

እማዬ አልዋሸችህም። ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት፣ መረብ የምትጥልበት ቦታ ቆሜ የእግሬን ጣቶች አየሁ። እዚያ ጭቃ ውስጥ ማን የእግሩን ጣት አይቶ ያውቃል! እንደ ሕፃን ነው ደስ ያለኝ። ከዚያ ድንጋይ እየገለበጥኩ ከሥር የሚኖሩትን ትሎች ፈለግሁ፤ ሥራዬ እኮ እሱ ነው። አንድም የለም። ቀንድ አውጣዎቹም ቅርፊታቸው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ስነካው ተፈረፈረ።

ናሙናውን ላብራቶሪ ወስጄ ለካሁት። ከላይ ያለው ፋብሪካ አሲድ ይለቃል፤ አሲዱ ጭቃውን ስላዘቀጠው ነው ውሃው የጠራው፤ ትሎቹንም የጨረሰው እሱው ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር፣ አሁን አየሁት። አለቃችን በነገር ሁሉ "ቀስ በሉ" ስለሚል "ቀስ በሉ" ነው የምንለው። ውጤቱን አይቶ "ቶሎ በሉ! ዛሬውኑ ለሚመለከተው ይጻፍ" አለ። እሱ ቶሎ ካለ ነገሩ የምር ነው።

ለእማዬ ስነግራት "አንቺ ደግሞ! በጠራ ውሃ ምን ያጠራጥርሻል? ትምህርት እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ጥንቅር ይበል!" ብላ ተቆጣችኝ። አልፈርድባትም፤ ናፍቀሃታል። የጀልባህን ቀለም ሳይቀር ገዝታ በር ሥር ደርድራለች።

ፋብሪካው ቢያቆም ትሎቹ ይመለሳሉ፣ ከነሱ በኋላ ዓሣው። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ የማላውቀውን አልነግርህም።

አባዬ፣ ነገ በሩን ከፍተህ ብትገባ ሮጬ አንገትህ ላይ የምጠመጠመው እኔ ነኝ። አትምጣ የምልህም እኔው ነኝ። ዛሬ ሆዴ እያረረ አትምጣ ስልህ ካመንከኝ፣ ና የምልህ ቀን ደግመህ አትጠይቀኝም።

ትል ቆጣሪዋ ልጅህ