ካቻቢቴህን ትተህ ና

ውድ ወንድሜ፣

ቤቴን ጠግነህ ጨርሰሃል። ቧንቧው አያንጠባጥብም፣ መብራቱ አይርገበገብም፣ ወንበሮቹ አይነቃነቁም። ባለፈው ደግሞ ሳታስፈቅደኝ የመኝታ ቤቱን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባኸው። ባለቤቴ መግባቷን የማውቀው በዚያ በር ሲጢጥታ ነበር። ስለ ድካምህ አመሰግናለሁ፤ አሁን ግን በቃኝ!

እሷ ከሞተች ወዲህ ስለዚያ የመጨረሻ ጠዋቷ ልነግርህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ካቻቢቴህን ታነሳለህ። «መነጽሯን ስትፈልግ…» ስልህ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሶኬት ላልቷል እኮ!» ትላለህ። ሰው ሲያዝን ብሎኑ የሚላላ ይመስልሃል? ሌሎቹም ካንተ አይሻሉም። «ተው፣ አታስበው፣ ይብስብሃል» ይሉኛል። ማን ነገራቸው?

እሁድ ዕለት አማቴ መጡ። ልጃቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው፤ ሊያጽናኑኝ ቢሞክሩ ኖሮ አልችለውም ነበር። አልሞከሩም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና «እስቲ ንገረኝ» አሉ።

«‹መነጽሬን አየኸው?› አለችኝ» አልኳቸው።

«ከዚያስ?»

«‹ጭንቅላትሽ ላይ ነው› አልኳት። ሳቀች።»

«ከዚያስ፣ ልጄ?»

ሳቋን ሳትጨርስ አልጋው ጠርዝ ላይ ዝልፍልፍ ስትል፣ እየቀለደች መስሎኝ አብሬያት እንደሳቅሁ ነገርኳቸው። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አልጮሁም፣ አልመከሩኝም።

«እየሳቀች ነው የሄደችው በለኛ» አሉ።

ከዚያ በተራዬ ስለ ልጅነቷ ጠየቅኋቸው፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ብዙ አወሩኝ፣ አንዴም በሳቅ ፈረሱ። ሸኝቻቸው ስመለስ ርቦኝ ነበር። ርሃብ የሚባል ነገር ረስቼ ነበር እኮ!

አንተስ? ተማሪ ሳለህ እዚህ ቤት አስቀምጣ ያስተማረችህ፣ «እትዬ» እያልክ ያስቸገርካት አንተ ነህ። ከቀብሯ ወዲህ ግን አንድ ቀን አላነሳሃትም። ጀርባህን ሰጥተኸኝ ቧንቧ ስር ስታጎነብስ ትከሻህ ሲንቀጠቀጥ ያላየሁ መሰለህ?

ቅዳሜ ና። የመሣሪያ ሳጥንህን ይዘህ ከመጣህ ግን በሩን አልከፍትልህም። ባዶ እጅህን ናና ቁጭ ብለህ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስማኝ። ከዚያ ተራው ያንተ ነው። እኔም «ከዚያስ?» እልሃለሁ፤ ስታለቅስም ተነስቼ የምጠግነው ነገር አልፈልግም።

እጅግ የተናደደብህ፣
ጋሼ

ማስታወሻ፦ በሩ እንደገና ሲጢጥ ማለት ጀምሯል። እንዳትነካው።