ከአልጋሽ ሥር የሚያልፈው ሀዲድ

ልጄ ሄርሜላ፣ የእንጦጦዋ ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ በርትቶ ገበያው ቀዝቀዝ ብሏል፤ የመጋረጃ ጨርቅ ግን ፈላጊ አያጣም።

የላክሽለት መጫወቻ ባቡር አባትሽን ወጣት አደረገው። ሀዲዱን የት እንደሚዘረጋ ሲያሰላ፣ ጨርቅ ላይ ምልክት በማደርግበት ጠመኔ የሳሎኑን ወለል ሞላው። ቡፌው ጋ አጥብቦ ሲያዞረው ባቡሩ ይወድቃል፤ ሰፋ ሲያደርገው በሩን ይዘጋል።

«እኛስ በየት እንለፍ?» አልኩት።

«ሰው ይታጠፋል የዓለምወርቅ፤ ሀዲድ ግን ከልኩ በላይ አይታጠፍም!»

የቀረው ያንቺ ክፍል ነው። እኔም ነጋዴ ነኝና፣ «አልጋው ባዶውን ተቀምጧል፤ እንሽጠውና እዚያ ዘርጋ» አልኩት።

«ልጄ መጥታ የት ልትተኛ ነው?» ብሎ ጠመኔውን ወረወረው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንዲህ ሲቆጣ የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ ከሱቅ ስመለስ አልጋሽን በብሎኬት ከፍ አድርጎ፣ ሀዲዱን በሥሩ አሳልፎ አገኘሁት። ባቡሩ መብራቱን አብርቶ ከአልጋሽ ሥር ገባ፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። በራስጌው በኩል ዞሮ ብቅ ሲል «ስምህ ይመስገን!» ብዬ ጮህኩ። በዚያች ጠባብ ክፍል ይህን ያህል መንገድ ይገባል ብዬ አላስብም ነበር። አባትሽ ግን ጎንበስ ብሎ አልጋው ይነቃነቅ እንደሆነ በእጁ ሞከረ።

አደራሽን፣ የምትመጪበትን ወር ራስሽ ንገሪው። በሰው አገር ደግ ሰው አያሳጣሽ፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

እናትሽ የዓለምወርቅ