መተንፈሻዋ ተደፍኖ ስለታሰረችው የድንች መኪና

ለፈረስ ትርኢት የመንገድ ጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለአቶ እንየው ገላነህ
እንጅባራ

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የመኪናዬ ሞተር እንዲተነፍስ ፈቃድ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ከእንጅባራ ዳንግላ ድንች የማመላልስ ነጋዴ ነኝ። የጭነት መኪናዬ ድንች እንደተጫነባት በኮሚቴው ግቢ ከታሰረች ሰነባብታለች፤ ድንቹም ማጎንቆል ጀምሯል።

1. ለትርኢቱ በታጠበው ኮብልስቶን ላይ ዘይት እንዳይንጠባጠብ ኮሚቴው ማዘዙ ተገቢ ነው፤ ፈረስ ይንሸራተታል። የእኔም መኪና ከሞተሩ በሚወርደው ቱቦ ጠብ ጠብ ማድረጓን አልክድም። ሆኖም የኮሚቴው አባል አቶ ውብአየሁ ቱቦው እንዲደፈን አዘዙ። ሾፌሬ ጢሞቲዎስ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የሞተሩ መተንፈሻ ነው» ቢላቸው፣ «እንግዲያው በአፍንጫው ይተንፍስ!» አሉት። የዕለት ማስታወሻ ስለምጽፍ ቃላቸው እንዳለ አለኝ። እኔም መንገድ ላይ ብከራከር ገበያ ያልፈኛል ብዬ በበቆሎ ቆረቆንዳ አስደፈንኩት።

2. ሞተሩ ተርቦ አለው። ተርቦ አየሩን አምቆ ያስገባል፤ ከግፊቱ የተረፈው በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። መውጫው ያ ቱቦ ብቻ ነው። እሱ ሲደፈን ዘይቱን እየገፋ በሌላ በኩል ይወጣል። እርስዎ ፈረሰኛ ነዎት፤ ዳገት ጋልቦ የመጣን ፈረስ አፍንጫውን አይደፍኑበትም።

3. በልምምዱ ዕለት ፈረሰኞች እስኪያልፉ አደባባዩ ላይ ሞተሩ እንደተነሳ ቆመን ሳለ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ዘይቱም ተከተለው። የቀረውን፣ ፈረሱ ላይ ተቀምጠው ስለነበር፣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። «ነጩ ፈረስ ዳማ ሆነ!» ብሎ የጮኸውን ሰው እኔ አላውቀውም። ለፈረስዎ ማጠቢያ የላክሁት ሳሙናም ተመልሶልኛል። ቆረቆንዳው ግን እስከ ዛሬ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አሁን ደግሞ በዚያው ዕለት የታሰረችው መኪናዬ የምትለቀቀው ቱቦው በብረት ተበይዶ ሲደፈን ብቻ ነው ተብያለሁ።

ስለዚህ ቱቦው ተከፍቶ፣ ጫፉ ላይ ክዳኑ የተበሳ ጀሪካን አስሬ ጠብታውን በዚያ እንድቀበል፣ መኪናዬም ድንቹ ሳይበሰብስ እንድትለቀቅ ይታዘዝልኝ ዘንድ አመለክታለሁ። በትርኢቱ ቀን ከከተማ ውጭ አቆማታለሁ።

ውሳኔው ብየዳ ነው ከተባለም እታዘዛለሁ። ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሳ ግን አቶ ውብአየሁ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አጠገቡ ቆመው የብየዳውን ጥንካሬ እንዲያረጋግጡልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

ለእርስዎና ለፈረስዎ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ስሜነሽ ቢያድግልኝ
(ፊርማ)