መርዶ ነጋሪው ዶሮ

ለተከበርሽው ታላቅ እህቴ፣

ከሰላምታው በፊት ኑዛዜ ይቅደም፤ ሰማይና ምድር ይስሙኝ፦ ላለፉት አራት ቀናት ኮከቦችሽን ያፈንኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ወደ ሰላምታው። እንዴት ነሽ እትዬ? ጤናሽስ፣ ወገብሽስ፣ ያ የተሰረቀ እንቅልፍሽስ? እኛ ደህና ነን፣ ከአባዬ በቀር። እሱም ታሞ ሳይሆን አንቺ የታመምሽ መስሎት ነው። በወረቀት የጻፍኩልሽ እማዬ ለፈተናው ብላ ስልኬን ስለወረሰችው ነው።

ከሰማይ ጥግ የጋማ ጨረር ብልጭታ በመጣ ቁጥር ስልክሽ እየጮኸ ከአልጋ እንደሚያስነሳሽ ጽፈሽልኝ የለ? ያንኑ መተግበሪያ የአባዬ ስልክ ላይ ጫንኩበት፤ ለድምፁም የዶሮ ጩኸት መረጥኩለት። መጀመሪያ የጮኸ ዕለት አባዬ የአንድ ሙሽራ ሱሪ እየለካ ነበር። ሙሽራው ዘለለ፤ የአባዬ ጠመኔም ከጉልበት እስከ ብብት ሄደ። ምንድን ነው ቢለኝ፣ ሩቅ ያለ ኮከብ ሞቶ ነው፣ እትዬም ፍሙ ሳይጠፋ ቴሌስኮፗን ልታዞር እየሮጠች ነው አልኩት። አያታችን ከወንበራቸው ሆነው መቼ ነው የሞተው አሉ። ከቢሊዮን ዓመታት በፊት፣ ብርሃኑ ገና ዛሬ መድረሱ ነው ስላቸው፣ ታዲያ መርዶውን እስከዛሬ ማን ደበቀው አሉኝ።

አባዬ አጥፊልኝ ይላል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን ከመቀሱ አጠገብ አኖረው። ለብልጭታ ብላ ቤቷን ጣለች ብሎ ያኮረፈሽ ሰው፣ ቀድማ ካልደወለች አልደውልም ብሎ የማለ ሰው፣ ዶሮው ሲጮኽ የስፌት መኪናውን አቁሞ ደንበኞቹን ማስተማር ጀመረ። ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከቆየ አብዛኛውን ጊዜ ግዙፍ ኮከብ በራሱ ላይ ተደርምሶ ነው፣ ካነሰ ሁለት የኮከብ ሬሳዎች ተላትመው ነው ይላል፤ ከእኔ መስማቱን ግን ትንፍሽ አይልም። ኮት ሊያስጠግኑ የመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር ይኼ ምን ይጠቅማል ቢሉት፣ የኮትዎ ሦስተኛ አዝራርስ ምን ይጠቅማል፣ ሆድዎ አያስቆልፈውም አላቸው።

ባለፈው ሳምንት ጥናቴን ስለረበሸኝ (እሺ፣ እንቅልፌን) ድምፁን ዘጋሁትና ረሳሁት። አባዬ መጀመሪያ ስልኩን አራገፈው፣ ቀጥሎ በጨርቅ ወለወለው፣ ከዚያ የጃኬት እጅጌ ገልብጦ ሰፋ። ትናንት ራት ላይ ለእማዬ፣ ዶሮው ዝም ካለ ልጅቷ አልተነሳችም ማለት ነው፣ አንድ ነገር ሆናለች ሲላት ሰማሁ። ደውልላት ብትለው ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ ስልኩን እንደገና አራገፈው። ለካ ያ ዶሮ ለእሱ ያንቺ ኮቴ ነበር።

እና እትዬ፣ እልህሽን ዋጥ አድርጊና ደውይለት። እልሁን ከማን እንደወረስሽው እኔን አትጠይቂኝ። ኑዛዜዬን ግን እንዳታወጪ፤ የአባዬን መቀስ ታውቂዋለሽ።

እማዬ ትበላለች ወይ በያት ትላለች። አያታችን ለሟቹ ኮከብ ቤተሰብ መጽናናትን ይመኛሉ። ሙሽራው ጠመኔ ባለበት ሱሪ አግብቶ ሰላም ይልሻል። አባዬ ሰላምታ አላከም፤ እጅጌውን እየተረተረ ነው።

ከስፌት ቤቱ፣ ልብስ ከሚሞከርበት መጋረጃ ጀርባ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ስልኩን ከአባዬ ጠረጴዛ ላይ አንስቼ ድምፁን አሁን መለስኩት። ወዲያው አልጮኸም፤ ኮከብ በትእዛዝ አይሞትም። ወረቀቱን ላጥፍ ስል ግን እጄ ላይ ጮኸ። የስፌት መኪናው ቆመ። ተመስገን፣ ተነሳች አለ አባዬ። ከዚያ ጩኸቱ ከወዴት እንደመጣ የገባው መሰለኝ፤ እግሩ ወደ መጋረጃው እየመጣ ነው። አንቺ ቁንጫ፣ እያለኝ ነ