ስድስት ብስክሌት፣ አራት ሰው

መስከረም 14፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

የአምስተኛውን ብስክሌት ፔዳል ፈታሁ። የግራው አስቸገረኝ። ወደ ተቃራኒው እንደሚፈታ እያወቅሁ እጄ ሁልጊዜ ይረሳዋል። አንድ ይቀራል፣ ቀዩ። እሱን ባለሱቁ አቡ ሳሚር ራሱ ይፈታዋል፤ ለማንም አያስነካም።

ደብተሬ፣ ሦስት ቀን አልጻፍኩብሽም። ድሮኑ ከአናታችን አይጠፋም፣ ሲጮህ ይውላል። ሰፈራችን ኦዛይ ግማሹ ሱቅ ተዘግቷል። ጎረቤታችን በያጁ ትናንት ቤተሰቡን ጭኖ ሄደ። አቡ ሳሚርም (ከዚህ ወዲያ አ/ሳ ነው የምለው፣ ጊዜ የለኝም) ለመሄድ ቆርጧል። ሚስቱና ሴት ልጆቹ ቀድመው ሰሜን፣ በትሩን ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ገብተዋል። እሱ ብስክሌቶቹን ይዞ ይከተላል። ባሕር ዳር እያከራየ የሚኖረው በነሱ ነው፤ ጥሏቸው ከሄደ ምን ይበላል? ድሮ ልጆቹን ለሽርሽር የሚወስድባት ትንሽ ካራቫን ከሱቁ ጀርባ ቆማለች። በአሮጌው ጂፑ ሊጎትታት ነው።

እኔን አብረሽኝ ነይ ብሎኛል። ከማዳሜ ቤት ከወጣሁ አራት ዓመቴ። ወረቀት የለኝም። ሁለቱን ዓመት እዚህ ጎማ ስለጥፍ ነው የኖርኩት። ዕቃ ማሰር የምታውቂው አንቺ ነሽ ይላል።

ስለ ሰብለ ጠየቅሁት። ክፍል የምትጋራኝ ልጅ፣ ሰባተኛ ወሯን የያዘች። ቦታ የለም አለ። ከፊት እሱና እናቱ፣ ከኋላ የእናቱ ፍራሽ፣ የመሣሪያ ሣጥኑ፣ እኔ። ኸላስ፣ አለቀ። የብሎን መፍቻ አቀበልኩት፣ በቃ።

መስከረም 15፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት 10

ሰብለ (ሰ.) የሕፃን ልብስ ታጣጥፋለች። አንዲት የባዳሮ ማዳም የሰጠቻት ነው፣ ሁሉም ሰማያዊ። የልጁ አባት ስልክ ካነሳ አራት ወሩ።

መቼ ነው የምንሄደው አለችኝ። "የምንሄደው" አለች። ገና ነው አልኳት። ከዚያ ሳህን ልጠብ ብዬ ተነሳሁ። የሚታጠብ ሳህን አልነበረም።

መስከረም 16፣ ሐሙስ፣ ቀን 8 ሰዓት

ለጥቂት ተረፍን።

ዛሬ ሞከርነው። አ/ሳ ከካራቫኗ ጀርባ ብረት በብሎን አስሮ ስድስቱንም በሁለት ረድፍ ሰቀላቸው። ኮራባቸው። እኔን ደስ አላለኝም። የኋላ መብራቷም ታርጋዋም ተሸፍኗል። ከመጎተቻው በኩል ደግሞ አፍንጫዋ ብድግ ብሏል፤ ክብደቱ ሁሉ ጭራዋ ላይ ነው። ነገርኩት፣ አልሰማኝም።

በኤርፖርቱ መንገድ ወጣን። ፍጥነቱ እስከ ሃምሳ ደህና። ሰባ ሲገባ ጭራዋ ጀመራት። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ጂፑንም ይዛ ታወዛውዘው ጀመር። አ/ሳ ፍሬን ሊረግጥ ሲል ጮህኩበት፤

"አትርገጥ! ያ ዓሚ፣ ነዳጁን ብቻ ልቀቅ! መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ!"

ጀልባ የሚጎትት ደንበኛችን ሱቅ ተቀምጦ ሲያወራ የሰማሁት ነው። ጆሮዬ ይዞት ኖሯል። አ/ሳም ሰማኝ። ቀስ፣ ቀስ እያለች ረጋች። የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በጎናችን አለፈ፤ በእጄ ልነካው እችል ነበር።

ዳር ይዘን ቆምን። የአ/ሳ ፊት አመድ።

"እዚያ ከተንጠለጠሉ እኔ አልሳፈርም" አልኩት።

"ታዲያ ሰማይ ላይ ልስቀላቸው?"

"ውስጥ። ወለሉ ላይ፣ ከጎማዎቿ በላይ። ከባዱ ነገር ዝቅ ብሎ መሐል ነው መቀመጥ ያለበት።"

እስከ ሱቁ በሃያ ነዳን።

መስከረም 17፣ ዓርብ፣ ቀን 7 ሰዓት

ዛሬ መስቀል ነው። ዘንድሮ ማንም ማንንም እንኳን አደረሰህ አላለም።

ከጠዋት ጀምሮ ስንጭን ነው። የካራቫኗን ጠረጴዛ ነቅለን አወጣን። ብስክሌቶቹን የፊት ጎማ እየፈታሁ፣ መሪያቸውን እያጠፍኩ፣ አንዱን በጭንቅላቱ አንዱን በእግሩ በኩል አሰለፍኩ። በየመሐላቸው ካርቶንና ብርድ ልብስ። በቀበቶ ከግድግዳው ቀለበት ጋር ጠፍሬ በአሮጌ ከመነዳሪ ደገምኩት። እየገፋሁ ሞከርኩ። ንቅንቅ የለም። ስድስቱም ገቡ።

ያን ጊዜ ነው የነገርኩት። ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። ሁለት ብስክሌት ቢወጣ የመሣሪያ ሣጥኑና ፍራሹ እዚህ ይገባሉ፣ የጂፑ የኋላ ወንበር ነፃ ይሆናል፣ ሰ. ትቀመጣለች።

አ/ሳ፦ ካራቫኗ ውስጥ ትቀመጥ፣ ብስክሌት ለምን ይቀራል።

"ትናንት ስትወዛወዝ ያየሃት ውስጥ? በዚያ ሆዷ?"

ሁለት ብስክሌት የሁለት ወር ዳቦ ነው አለ፣ ያኒ እኔም ልጆች አሉኝ። እውነቱን ነው። አልተከራከርኩትም። እሷን ትቼ ግን አልሄድም አልኩ። እሱ ይሂድ፣ እኔ እቀራለሁ።

ሲጋራ ይዞ ወጣ። ሳይለኩሰው ተመለሰ። ካራቫኗ ውስጥ ገብቶ ቀበቶዎቹን ራሱ ፈታ። መጀመሪያ አሮጌውን ጥቁር አወጣ። ሣጥኑ አሁንም አልገባ አለ። የሚያስቸግረው ቀዩ ነው፣ ከሁሉም ረጅሙ። የሳሚር ነው፤ በሞተር አደጋ የሞተው ልጁ። አንድም ቀን አከራይቶት አያውቅም።

አንቺው ምረጪ ቢለኝ ምን እል እንደነበር እንጃ። አላለኝም። አወጣው። ኮርቻውን በእጅጌው ጠረገ፣ ሱቅ ውስጥ ሰቀለው፣ በሩን ቆለፈ።

"ልጅቷን ነገ ጠዋት 11 ሰዓት ዝግጁ ትሁን በያት" አለኝ። ፊቱን ሳያዞር።

ልነግራት እየሄድኩ ነው።

መስከረም 18፣ ቅዳሜ፣ ቀን 6 ሰዓት። መንገድ ላይ፣ ጂፕ ውስጥ

የትናንት ማታውን አልጽፈውም። ከክፍላችን ሁለት መንገድ ወዲያ ያለው ሕንፃ የለም። ከእሱ አጠገብ ያለውም። ይኼው ነው።

እኛ ደህና ነን። አ/ሳ 11 ሰዓት ያለውን ትቶ ሌሊት 9 ላይ መጣ። ሰ. በነጠላ ጫማ ነው የወጣችው። ሰማያዊዎቹን ልብሶች ግን ይዛለች።

መንገዱ መኪና ብቻ ነው። ሁሉም ጣሪያው ላይ ፍራሽ ጭኗል። እንቆማለን፣ እንሄዳለን፣ እንቆማለን። መንገዱ ሲለቀን እንኳ አ/ሳ ከስልሳ አያልፍም። በቆምን ቁጥር ወርጄ አያለሁ፤ መንጠቆው፣ ሰንሰለቱ፣ የኋላ መብራቱ፣ ቀበቶዎቹ። አንዱ ላልቶ አጠበቅሁት።

ሃጂዝ፣ ኬላው ላይ፣ ወታደሩ ወደ ኋላ ወንበር አጎነበሰ። እኔንና ሰ.ን አየን። ወረቀት አምጡ አለ። አ/ሳ አፉን ሳይከፍት እናቱ ቀደመች። ተይታ፣ አያቴ እንደማለት ነው፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣ ከኦዛይ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰች።

"ልጄ፣ የሚያጥቡኝ የሚያጎርሱኝ እነሱ ናቸው። ያቺ ነፍሰ ጡር ናት። ፀሐይ ላይ አታቁመን።"

አጥበናት አናውቅም። ዛሬ ነው የተዋወቅናት። ወታደሩ ካራቫኗን ከፈተ፣ ብስክሌቶቹን አየ፣ በደንብ ታስሯል አለ። ያላ፣ እለፉ።

ሰ. እጄን እስካሁን አልለቀቀችም። የምጽፈው በአንድ እጄ ነው።

መስከረም 22፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

በትሩን። አራቱም ብስክሌት ጭረት የለባቸውም።

ለእኛ ግን ቤቱ ቦታ የለውም። የአ/ሳ ሚስት እህት፣ ፓርዶን፣ ይቅርታ፣ አሥራ አራት ሰው ነን አለች። አልዋሸችም። መጠለያ የሆነው ትምህርት ቤት ሄድን፤ ለአገሬው ሰው ብቻ ነው ተባልን። ሰ. ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ አልነሳም አለች። አ/ሳ ብብቷን ይዞ አነሳት። ካራቫኗን ከወይራው ሥር አቁሞ ብስክሌቶቹን አወረደ፣ ቁልፉን ሰጠኝ። ለስንት ቀን እንደሆነ አላለም።

ተይታን አሁን እውነትም እያጠብናት ነው። ማንም ሳያዘን።

መስከረም 26፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ከሐዝሚዬ ጓደኛችን ደወለች። እዚያ ያለው ቆንስላችን በር ላይ ወደ አገር መግባት የሚፈልግ ስሙን እያስመዘገበ ነው። ወረቀት የሌለውም። ሰ. ስሜን ጻፉልኝ አለች፣ ሳታስብ። ስምንት ወር ካለፋት አውሮፕላን አያሳፍራትም ይባላል። ቀኑ እየሄደ ነው።

እኔ? አ/ሳ ትናንት ነግሮኛል። ባሕሩ እዚህም አለ፣ ነገሩ ሲበርድ ሱቅ እንከፍታለን፣ ከትርፉ ድርሻ አለሽ። "እንከፍታለን" ነው ያለው። አሥር ዓመት ሙሉ በዚህ አገር እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። እናቴ ኮምቦልቻ ናት፣ ባዶ እጄን ነው የማገኛት። መቅረት እፈልጋለሁ፣ ደብተሬ። ላንቺ ምን እደብቃለሁ።

መስከረም 28፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሰ. ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን ስሠራት ጠየቀችኝ። ምጡ ሰማይ ላይ ቢመጣብኝ ማን አጠገቤ አለ? እኔን አይመስለኝም የጠየቀችው፤ ራሷን ነው። ያዝ ያደረግሁትን ፀጉር ይዤ ቀረሁ።

ወጥቼ አ/ሳን ፈለግሁት። ጎማ እየነፋ ነበር። ከሰ. ጋር እንደምሄድ ነገርኩት። ፓምፑን አስቀመጠ።

"ትመለሻለሽ?"

"አላውቅም፣ ያ ዓሚ።"

ልጁ ሲወለድ ስልክ ደውሉ አለ። ሐዝሚዬ ድረስ ራሱ ይወስደናል፣ በባዶ ጂፕ፣ ካራቫኗን እዚሁ ትቶ። ከሰዓት ማሰሪያውን ለትልቋ ልጁ አሳያታለሁ፣ ከባዱ የቱ ጋ እንደሚሆን፣ ቀበቶው ስንቴ እንደሚታይ።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን። የምናስመዘግበው ሁለት ስም ነው።