በኮረኮንቹ መንገድ ማንም አያልፍም

ቫልብሩስ፣ ቅዳሜ ኦክቶበር 18፣ ከሰዓት በኋላ

አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ሐሙስ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ የመንገዱን ሽያጭ ፋይል ከፊቴ አስቀምጣ ሦስተኛውን ገጽ ስትገልጥልኝ፣ አንድ ቃል ሳላነብ የማን ጽሑፍ እንደሆነ አወቅሁ። ያ ወደ ግራ የሚጋደለው የእጅ ጽሑፍህ፣ ልደቴ በመጣ ቁጥር ከሬዩኒዮን ደሴት በምትልክልኝ ካርድ ላይ የማየው። «እኔ ጊስላን ሞርቴሮል፣ ከወፍጮው እስከ ኦዴት ቤት በሚወስደው የኮረኮንች መንገድ፣ ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ማንም ሲያልፍ እንዳላየሁ በክብሬ አረጋግጣለሁ።»

በክብርህ!

ጸሐፊዋ ፊቴን አይታ ውኃ ላምጣልሽ አለችኝ። ውኃ አልፈለግሁም። ቀኑን ነው ያየሁት። ኦገስት 9 ይላል።

ወደዚያ ቢሮ የላከኝ ወንድምህ ሬጂስ ራሱ ነው። ረቡዕ በብስክሌት ከጫካው ቁልቁል እየወረድኩ ነበር፤ ከወፍጮው በላይ ያለውን ጥምዝ እንዳለፍኩ መንገዱ ላይ የከብት ማገጃ ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ አገኘሁት። ምልክት የለው፣ ጨርቅ አልተንጠለጠለበት። ፍሬኑን ጨመቅሁ፣ የኋላው ጎማ በጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፣ እኔም በግራ እጄ አረፍኩ። ሐኪሙ መዳፌን አምስት ቦታ ሰፋው። እንዳንተ ግራኝ ነኝና ጽሑፌ ከወትሮው ቢከፋብህ ምክንያቱን እወቀው።

ሬጂስ ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ ያያል።

«ወደቅሽ እንዴ፣ የኔ ምሁር?»

«ይህ የሕዝብ መንገድ ነው! ሽቦውን አንሣ!»

«የየትኛው ሕዝብ? ጠባብ ሱሪ የሚለብሱት የፓሪስ ፌንጣዎች ሕዝብ ሆኑ? ሂጂና ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ። እኔ ልገዛው ነው፤ ሁለቱን መስኮቼን አገናኝበታለሁ። ማንም እንደማያልፍበት የመሰከረ ሰው አለ።»

«የቱ ውሸታም ነው?»

ሳቀ። «ቀስ በይ እንጂ፤ ኋላ ይቆጭሻል።»

ቆጨኝ፣ አባዬ። ልክ ነበር።

ሕጉን አንተም ታውቀዋለህ፤ የመንደር ልጅ ነህ። መንደሩ እንዲህ ያለውን መንገድ መሸጥ የሚችለው ሰው መሄድ ካቆመበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሬጂስ የሚያስፈልገው «ማንም አያልፍም» የሚል አንድ የታመነ ሰው ነበር፤ በመንደሩ ካንተ የበለጠ የሚታመን ብስክሌተኛ ደግሞ አልነበረም። እንግዶቼን የምወስድበት የሰባ ሁለት ኪሎ ሜትር የብስክሌት ዙር በዚያች ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ ነው የተያያዘው። እሷ ከተቆረጠች እንግዶቼ ግንድ የጫኑ መኪናዎች ወደሚከንፉበት አስፋልት መውረድ አለባቸው። ያን ማንም አይፈልግም፤ ወደ እኔ የሚመጡት ከመኪና ሸሽተው ነው። የእንግዳ ቤቴ በሚቀጥለው ጸደይ ይዘጋል ማለት ነው። ሦስት ዓመት በብርዱ ወራት እሾኹን በገጀራ እየመነጠርኩ፣ ጎርፍ የቦረቦረውን በባልዲ ጠጠር እየሞላሁ የከፈትኩት መንገድ ነው። ነሐሴ ላይ ስትመጣ አሳየሁህ እኮ። «እጅሽ ይባረክ» አልከኝ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ስደውልልህ ያልከውን አልረሳሁም፤ አንተ ብትረሳው ብዬ ልጻፍልህ።

«አፖሊንዬ፣ ትንሽ ወረቀት እኮ ናት። ሬጂስ ለትራክተሩ መተላለፊያ ነው ያለኝ። ሳላነበው ነው የፈረምኩት።»

«ሳታነበው? ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በገዛ እጅህ የጻፍከውን?»

ከኋላህ ዶሮ ይጮኻል። እንዲህ ያለ ምስክርነት በእጅ ካልተጻፈ እንደማይቀበሉት አንተም፣ ሬጂስም፣ እኔም እናውቃለን። ታዲያ ማንን ልታሞኝ ነበር?

ከዚያ ድምፅህን አለዘብህ። «ከእሱ ጋር መጣላት አልፈልግም። የእናቴን ቤት የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። አንቺ ብልህ ነሽ፤ ሌላ መንገድ ታገኛለሽ።»

ስልኩን የዘጋሁት ለዚህ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ ሻንጣህን ይዘህ በር ላይ ቆመህም «አንቺ ጠንካራ ነሽ» ነበር ያልከኝ። የምታሞግሰኝ ልትተወኝ ስትል ነው።

ወደ ቤት ገብቼ የነሐሴውን ካርቶን አወረድኩ። የኦገስት 10 የብስክሌት ጉዞ ካርዶች አሉበት፤ ሠላሳ ስምንት ናቸው። ደንቡን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፦ እያንዳንዱ ተጓዥ ካርዱን ይዞ ይነሣል፣ እትዬ ኦዴት መስኮት ስር ይቆማል፣ እሷ ውኃ አጠጥታ የፍየል ሥዕል ያለበትን የአይብ ቤቷን ማኅተም ትመታለታለች፣ ማታ ካርዱን ለአዘጋጇ፣ ለእኔ፣ ያስረክባል። አሥራ ዘጠነኛው ካርድ ያንተ ነው። ስምህ አለ፣ ፊርማህ አለ፣ የፍየሏ ማኅተም አለ፣ ዳር ላይ የዱር እንጆሪ ያበላሸው የአውራ ጣትህ አሻራ አለ። ኦዴት ከጎኑ «አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። አርጅተሃል!» ብላ ጽፋበታለች። ያን ቀን ስንት ሳቅን!

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ፣ በሬጂስ ጠረጴዛ ላይ ማንም አያልፍም ብለህ ጻፍክ። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ከፊቴ ሆነህ አለፍክ። ዳገቱ ላይ ዞር ብለህም «ነይ እንጂ፣ ቀንድ አውጣ!» አልከኝ።

ይህን የምጽፍልህ ላስጠነቅቅህ አይደለም። በሽያጩ ላይ የሕዝቡ አስተያየት የሚሰፍርበት መዝገብ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ተዘግቷል። ደብዳቤዬ ሲደርስህ ሁሉም ነገር አልፏል፤ ሆን ብዬ ነው። በስልክ ብነግርህ ታባብለኝ ነበር፤ እኔም እሺ እል ነበር። ራሴን አውቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት የቀረብኩላቸው የሽያጩ አጣሪ ከከተማ የተላኩ፣ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ ሴትዮ ናቸው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«ይኼኛውስ?»

«የአባቴ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ የትኛውን ልመን፣ ልጄ?»

«ያደረገውን ይመኑ። የጻፈውን ይተዉት።»

ሬጂስ ከግድግዳው ጥግ ጮኸ። «አባትሽን በሰው ፊት ታዋርጃለሽ? ታሳፍሪያለሽ!»

መልስ ሳልሰጠው እትዬ ኦዴት በቦት ጫማዋ ገባች፤ ቢሮው ሁሉ ፍየል ፍየል ሸተተ። «አንተ ሬጂስ፣ እኔስ ማንም አይደለሁም? በዚያ መስኮት ስንት ሰው ውኃ አጠጥቻለሁ! አንተንም ሰክረህ ስትመጣ አጠጥቼሃለሁ፤ በእግርህ አልነበረም እንዴ የመጣኸው? በዚያው መንገድ!» ከንቲባው እንኳ ሳቁን መያዝ አቃተው። ኦዴት መዝገቡ ላይ ፈረመች። ከእሷ በኋላ አሥራ አንድ ሰው ፈረመ።

የአጣሪዋ ውሳኔ ወር ይፈጃል። እስከዚያ ግን መንገዱ የሕዝብ ስለሆነ ከንቲባው ሽቦው ዛሬውኑ ይነሣ አለ። ሬጂስ ራሱ ጠቀለለው። ቆሜ አየሁት፤ ደስ አላለኝም። ስምህ ሁለት ጊዜ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰምቼ ነበርና።

ብስክሌትህ ጎተራው ውስጥ እንደተሰቀለች ናት። ለእንግዶች ላከራያት ወስኜ ዛሬ አወረድኳት። ካቴናዋን ዘይት ቀባሁ፣ ጎማዋን ነፋሁ። የኮርቻዋን ከፍታ ግን አልነካሁትም፤ ባንተ ቁመት ነው ያለው። መልሼ ሰቀልኳት።

ዝናቡ ደሴታችሁን ሳይጎዳ ይለፍ። ጉልበትህን ጠብቅ፤ ደረጃ ላይ አትሩጥ። ለወንድምህ የፈለግኸውን ጻፍለት፤ ከእሱ ጋር ያለህን ሰላም ግን ከእኔ ቆርሰህ መግዛትህን ከእንግዲህ አልቀበልም። ብልህ ነሽ፣ ጠንካራ ነሽ እየተባልኩ መተውንም አልቀበልም። ስድስት ዓመቴ ሳለ ኮርቻዬን ይዘህ እያለከለክህ ከኋላዬ የሮጥከው በዚያ መንገድ ላይ ነው። በዚያ መንገድ ላይ እኔ ማንም እንዳልሆንኩ አድርገህ እንድትጽፍ፣ አባዬ፣ ዳግመኛ አልፈቅድልህም።

ልጅህ
አፖሊን ሞርቴሮል