ኮፐር ራሱን የሚወረውርበት ምክንያት

ሰኞ፣ ኤፕሪል 11፣ 2016

ፈረሳችን ኮፐር ዛሬ ከትምህርት ቤት መልስ ልጄ ማህሌት ስትጋልበው ራሱን፣ ማለት ጭንቅላቱን፣ ወደ ላይ ወርውሮ አፍንጫዋ ላይ መታት። ደማ እንጂ አልተሰበረም።

መኪና ውስጥ ናፕኪን ይዛ «ዳድ፣ ኢትስ ፋይን» እያለች እስከ ሰፈራችን ሞንትቤሎ መጣች። ቤት ስንገባ ባለቤቴ ሰብለ አየቻትና «ፈረስ ነው ቦክሰኛ ነው ያመጣችሁልኝ?» አለች። ልጅቷ ሳቀች፣ ሲያማት አቆመች። በኋላ ወጥ ቤት ለብቻዬ አግኝታኝ፦ «አንድ ጊዜ ደግሞ ከነካት፣ ቅዳሜን አልጠብቅም።»

ቅዳሜ ያለችው ኤፕሪል 23ን ነው። የፈረሱ ባለቤት፣ ቶርንተን ከተማ የሚኖረው ሰውዬ፣ ለአንድ ወር ሙከራ ሰጥቶናል። እስከዚያ ቀን ከመለስነው ይቀበላል፤ ካለፈ የእኛ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነን። የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም ነበር። በሁለተኛው አልፎ አልፎ ይወረውር ጀመር። አሁን በአንድ ግልቢያ ስድስት ሰባት ጊዜ ነው።

የምጠረጥራቸው፦
ሰውየው። ልናይ የሄድን ቀን ፈረሱ እንቅልፍ የያዘው ይመስል ነበር። የሚያደነዝዝ ነገር ሰጥቶት ይሆን?
ጥርስ።
ልጓሙ።
የኮሎራዶ ፀሐይ። አንዳንድ ፈረስ በጸደይ ብርሃን ፊቱ ላይ ያለው ነርቭ ይነሳበታል ሲሉ ሰምቻለሁ።
ልጄ። ይህን ለሰብለ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 12

ቶርንተን ደወልኩ። «እኔ ጋ እንደዚህ አድርጎ አያውቅም» አለ ሰውየው። ጥያቄዬን ገና አልጨረስኩም ነበር። ምን እንዳደረገ እንኳን አልነገርኩትም።

ፈረሱ የሚያድርበትን ቦታ የምታስተዳድረው ሊንዳ ናት፤ ከአውሮራ በስተምሥራቅ፣ ቤቱ አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ላይ። ፈረስ ውስጥ ያረጀች ሴትዮ ናት፣ ቃል አታባክንም። «ፈረስ ያለ ምክንያት ራሱን አይወረውርም» አለችኝ። «መጀመሪያ ሕመም ነው ብለህ ተነሳ። ሕመም አለመሆኑን ስታረጋግጥ ጠባይ ነው በል።» በተራ እንድናይ ነገረችኝ፦ ጥርስ፣ ልጓም፣ ኮርቻ፣ ፀሐይ፣ መጨረሻ ላይ ጋላቢው። የፈረስ ጥርስ የሚያየው ሐኪም ቶሎ ቢመጣ ሐሙስ ኤፕሪል 21 ነው። እስከዚያ ማህሌት እንዳትወጣበት።

ሊንዳ ራሷ የምታከራየው ፈረስ አላት። ኮፐር ቢመለስ የማን ፈረስ ላይ እንደምንወጣ ግልጽ ነው። ይህንንም ልብ ብያለሁ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 13

ሙከራ። ኮርቻ የለም፣ ልጓም የለም፣ ራሱ ላይ ያለው መሳቢያ ገመድ ብቻ ነው። ማህሌት ይዛው ቆመች፤ እኔ ሰዓት ይዤ።
ፀሐይ ላይ፣ አሥር ደቂቃ፦ ሁለት ጊዜ።
ጋጣው ውስጥ፣ ጥላ፣ አሥር ደቂቃ፦ ሦስት ጊዜ።
ስለዚህ ፀሐይ አይደለም። ኮርቻም አይደለም። ልጓሙም ብቻውን ሊሆን አይችልም። ጥርሱና ሰውየው ቀሩ።

ጋሽ አዳነ ደወሉ። ፈረሱን የመረጡት እሳቸው ናቸው። እንጅባራ ተወልደው ፈረስ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው፤ እዚህ ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ጡረታ ወጥተው ፓርክ ሂል ይኖራሉ። እኔ ጠዋት ጠዋት የኤርፖርት ሻትል ስለምነዳ፣ ልጅቷም ትምህርት ቤት ስለሆነች፣ በሳምንት ሦስት ጠዋት ሄደው ኮፐርን ይቦርሹልናል፣ ያንሸራሽሩልናል። ለነገሩ ኮፐር አይሉትም፤ ዳማው ነው የሚሉት፣ በመልኩ።

የሆነውን ስነግራቸው «አንተ ደግሞ! ራሱን የማይወረውር ከፈለግህ በቅሎ ግዛላት» አሉኝ። ሳቅሁ። ስለ አፍንጫዋ አልነገርኳቸውም፣ እንዳይጨነቁ ብዬ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 14

ማህሌት እራት ላይ አልበላችም። የጾሙ ምግብ ሰልችቷት መስሎኝ ነበር። አይደለም። «ከመለስነው ዴንጀረስ ነው ይሉታል። ዴንጀረስ ከተባለ ማንም አይጋልበውም። ከዛ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም አልኩ። አውቃለሁ፤ ወደ ቄራ ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 16

በረዶ እየጣለ ነው። ብቻዬን ሄድኩ።

የሆነውን በተራ ልጻፍ። ጋጣው ውስጥ ገባሁ። ገመዱን ከፍ ያለው ማንጠልጠያ ላይ ልሰቅል ቀኝ እጄን አነሳሁ። ኮፐር አንገቱን ወደ ላይ ወረወረ፣ እዚያው ያዘው፣ አየኝ። ከዚያ አፉን የጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተተ።

እጄን እንደገና አነሳሁ። ወረወረ። ኪሴን ፈተሸ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስቱንም ወረወረ። እጄን ሳላነሳ አምስት ደቂቃ ቆምኩ፤ ዝም ብሎ ቆመ።

የታመመ ፈረስ ኪስ አይፈትሽም። ይህን ያስተማረው ሰው አለ።

ማህሌት ጓደኛዋ ሰኞ ዕለት በስልክ የቀረጸቻትን ቪዲዮ ልካልኝ ነበር። እዚያው ቆሜ አየሁት። ልጄ ስትፈራ ዛቡን ይዛ እጇን ወደ ደረቷ ታነሳለች። መጀመሪያ እጇ፣ ቀጥሎ የፈረሱ ራስ። ሦስት ጊዜ መለስ አድርጌ አየሁት፤ ሦስቱንም እጇ ይቀድማል። እሷ ፈርታ ታነሳለች፣ እሱ ታዘዝኩ ብሎ ይወረውራል፣ እሷ ይበልጥ ትፈራለች።

ሊንዳን ጠየቅኋት፦ እዚህ ከኪሱ የሚያበላው ማን ነው? «እዚህ በእጅ ማብላት ክልክል ነው» አለች። ከዚያ፦ «ሽማግሌህን ጠይቀው። የስኳር ካርቶን ይዞ ነው የሚመጣው። ትልቅ ሰው ስለሆነ ምንም አላልኩትም።»

እሑድ፣ ኤፕሪል 17

ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ አዳነን አገኘኋቸው። የማህሌትን አፍንጫ አይተው «ምን ነካሽ ልጄ?» አሉ። ቀድማኝ «በር» አለቻቸው። ፈረሱን ልትከላከልለት ነው የዋሸችው። ጉንጯን ሳሟትና ዓይናቸውን ወደኔ መለሱ።

አልጠየቅኳቸውም። ሰው መሀል የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ቶሎ የተሰናበቱኝ መሰለኝ። ወይም እኔ ነኝ ሁሉ ነገር እንደዚያ የሚመስለኝ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 18

ፈረቃዬን ቀየርኩ። ሳልናገር ሄድኩ። የጋሽ አዳነ መኪና ቆሟል። ከድርቆሹ ክምር ኋላ ቆምኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ተደብቄ ማየቴ ያሳፍራል፤ ግን አየሁ።

ጋሽ አዳነ ኮታቸውን ቆልፈው፣ በግራ እጃቸው ገመዱን ይዘዋል። ቀኙን አነሱና «ተነሣ ዳማው!» አሉ። ፈረሱ ራሱን ወረወረ፣ አንገቱን ቀስት አደረገ፣ የፊት እግሩን አነሳ። ስኳር። እንደገና «ተነሣ!» እንደገና ስኳር። ማመን አለብኝ፣ ያምራል።

«ጋሽ አዳነ» አልኩ። አልደነገጡም። ፊታቸው በራ። «መጣህ? እየው እስቲ በሦስት ሳምንት የተማረውን! ለፋሲካ ነበር ያሰብኩት፣ ቀደምከኝ።»

ሲሸሽጉ የነበረው ስጦታ ነው። በእሳቸው አገር ለበዓል የሚወጣ ፈረስ ራሱን ወደ መሬት ጥሎ አይሄድም። ራሱን የጣለ ፈረስ ጭነት የለመደ ነው፤ ጋላቢውም ይሳቅበታል። ለፋሲካ እንግዶች ፊት ማህሌት እንደዚያ ባለ ፈረስ ላይ እንድትታይ ፈልገው ነው። «ልጅቷ የሰው ልጅ መሆኗን ይዩ ብዬ!» አሉኝ።

አፍንጫዋን በር እንዳልመታት ነገርኳቸው። እጇን ስታነሳ የሚሆነውን ነገርኳቸው። የቪዲዮውን መጀመሪያ ብቻ አሳየኋቸው።

ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። «እኔ ነኛ የመታኋት» አሉ። ገመዱን ከእጃቸው ተቀበልኳቸው።

ቀና ብለው፦ «ግን ልጄ፣ እኔ አልጀመርኩትም። ቶርንተን ግቢውን ስናይ፣ እናንተ ከሰውየው ጋር ስታወሩ፣ እንዲህ ሁለት ጊዜ ወርውሯል። እሱን አይቼ ነው የወደድኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጉድለት ነው ብዬ ነው የምነግርህ? ምርጥነቱ ነው እንጂ!»

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 19

ሁለት ነገር አለኝ። ጋሽ አዳነ ያሉት እውነት ከሆነ ፈረሱ ሲመጣም ያመው ነበር፤ እሳቸው ሕመሙ ላይ ስኳር ጨምረውበታል። እውነት ካልሆነ፣ የሕፃን አፍንጫ ያደሙ ሰው ሸክሙን ትንሽ ለሌላ ማካፈል ፈልገዋል። በማውቃቸው አሥራ አንድ ዓመት ዋሽተውኝ አያውቁም። ግን ፈረሱ ያን ቀን የተኛ ይመስል እንደነበር እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። የተኛ ፈረስ ራሱን ይወረውራል?

ቶርንተን እንደገና ደወልኩ። ዛሬ ጥያቄዬን ጨረስኩ። እሱም፦ «ሁሉም ፈረስ አንዳንዴ ያደርገዋል።» ባለፈው ማክሰኞ «አድርጎ አያውቅም» ነበር ያለኝ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፌያቸዋለሁ። ማስረጃ አይደለም። ግን ጋሽ አዳነን ትናንት ያየሁበት ዓይን አሳፈረኝ።

ለሰብለ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና «ለማሂ ማን ነው የሚነግራት?» አለች።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 20

ራሳቸው መጥተው ነገሯት። ሳሎን ቁጭ ብለው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ምንም ሳያሳምሩ። ማህሌት ሰምታ ስትጨርስ «ሶ፣ ሚን አይደለም ማለት ነው?» አለች። ጋሽ አዳነ ወደኔ ዞሩ። ፈረሱ ክፉ አይደለም ወይ ነው የምትለው አልኳቸው።

«እሱማ ታዛዥ ነው። ክፉውስ እኔ።»

«ኖ፣ ጋሽዬ! ይልቅ እንዴት እንዳስተማሩት ያሳዩኝ፤ እንዲተው የምናደርገውም በዛው መንገድ ነው።»

ሊንዳም ያለችው ይህንኑ ነው። ስኳር ቀርቶ፣ እጅ ዝቅ ብሎ፣ ራሱን ሲያወርድ ብቻ ማመስገን። ሳምንታት ይፈጃል። ይህ ግን ጥርሱ ደህና ከሆነ ነው። ጥርሱ የሚያመው ከሆነ መጀመሪያ ይታከማል፤ እስኪድን ልጓም አይገባለትም።

ሰብለ ሁለቱንም አትወድም። ቢያመው «የታመመ ነው ያመጣችሁልኝ»፣ ባያመው «ሳምንታት አፍንጫዋን ማን ይጠብቃል?» ልጅቷን እያየች ግን እንደ ሰኞ ዕለት አልዛተችም።

ጋሽ አዳነ ሐኪሙ ሲመጣ ልገኝ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይምጡ፣ ብቻ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ አልኳቸው።

«ኪሴስ?»

«ባዶ።»

ሐኪሙ ነገ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይመጣል። ፈረሱን እናስቀረው ወይስ እንመልሰው ለሚለው ሰብለ መልሴን ዓርብ እሰጥሃለሁ ብላለች። የሙከራው ጊዜ ቅዳሜ ያልቃል።